በአዋጅ የመጣ እምነት በአዋጅ ሄደ
የካቶሊኮች ታሪክ በሰሜንና በጎንደር፣ ለእኛ ያለው ትምህርት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። 

ከደባርቅ ወደ ሊማሊሞ የሚወርደውን ቁልቁለት የማያውቅ የአካባቢያችን ሰው የለም። ይህ መንገድ በጥንት ዘመን ከጎንደር ተነስቶ በወገራ፣ በዳባትና በደባርቅ አልፎ፣ ተከዜን ተሻግሮ ምፅዋ የሚደርሰው የሲራራ ነጋዴ መንገድ ነበር። የጀበርቲ ነጋዴዎች አባቶቻችን በቅሎና አህያ ጭነው ሲመላለሱበት ኖረዋል። በዚሁ መስመር ደግሞ ከአውሮፓ የመጡ የካቶሊክ ቀሳውስት ወጥተውበታል፣ ተባረውም ወርደውበታል። የዛሬው ርእሳችን የእነዚህ ሰዎች ታሪክ ነው። «የካቶሊክ ታሪክ ለሙስሊም ምን ያደርግለታል?» የሚል ቢኖር እስከ መጨረሻው እንዲያዳምጠን እንጠይቃለን።

ታሪኩ የሚጀምረው በጦርነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1541 ክሪስቶቫው ዳ ጋማ የተባለ አዛዥ 400 ያህል የፖርቱጋል ጠመንጃ ያዦችን ይዞ ምፅዋ ወረደ። የመጣው የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂምን ጦር ለመውጋት ነበር። በ1542 በሰሜን ተራሮች የነበረ አንድ አምባ ከሙስሊም ጠባቂዎች እጅ ነጠቀ። በዚያው ዓመት ግን ተማርኮ ተገደለ። ኢማም አሕመድም በ1543 በጦር ሜዳ ወደቁ። ከፖርቱጋሎቹ የተረፉት እዚሁ አግብተው ወለዱ። ልጆቻቸውም «ፍራንክ» እየተባሉ ኖሩ።

እዚህ ላይ እውነቱን ሳንሸሽግ እንናገር። በኢማም አሕመድ ዘመቻ ጊዜ ሰይፍ ፈርተው የሰለሙ ክርስቲያኖች ብዙ ነበሩ። ዘመቻው ሲያበቃ አብዛኞቹ ወደ ቀድሞ እምነታቸው ተመለሱ። በፍርሃት የተያዘ እምነት ፍርሃቱ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ይህ በማንም ላይ የሚሠራ ሕግ ነው።

ከወታደሮቹ በኋላ የኢየሱሳውያን ማኅበር ቀሳውስት መጡ። ከእነርሱ የታወቀው ፔድሮ ፓኤዝ ነው። በመጀመሪያ ሙከራው በዐረቢያ ጠረፍ ተይዞ የመን ውስጥ ሰባት ዓመት ያህል በእስር ቆየ፣ ዐረብኛም እዚያው ተማረ። በ1603 የአርመን ነጋዴ መስሎ በምፅዋ ገባ። ፓኤዝ ትዕግሥተኛ ሰው ነበር። የአገሩን ቋንቋ አጠና፣ ልጆች አስተማረ፣ ከሊቃውንቱም ጋር ተከራከረ። በመጨረሻ አፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት መቀበላቸውን በይፋ አሳወቁ። ፓኤዝ በዚያው ዓመት ሞተ።

በ1625 በእርሱ ቦታ ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ መጣ። ሜንዴስ የተማረ ሰው ቢሆንም ትዕግሥት አልነበረውም። በየካቲት 1626 ደንቀዝ ላይ ንጉሡና መኳንንቱ ለሮማ ጳጳስ መገዛታቸውን በመሐላ አረጋገጡ። ከዚያ አዋጅ በአዋጅ ላይ ተደራረበ። ቀድሞ የተጠመቀ እንደገና ይጠመቅ፣ የተቀሰሰ እንደገና ይቀሰስ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደገና ይባረኩ፣ ግርዛትና የቅዳሜ ሰንበት ይቅሩ ተባለ።

ሕዝቡን በጣም ያስቆጣው ግን የበዓላቱና የጾሙ መለወጥ ነበር። ሮማ በ1582 የዘመን አቆጣጠሯን አስተካክላ ስለነበር በሁለቱ መካከል የ10 ቀን ልዩነት ነበረ። ሜንዴስ በዓላቱ በሮማ ቀን ይከበሩ፣ በረቡዕ ፋንታ ቅዳሜ ይጾም አለ። እስቲ በራሳችን እንየው። እኛ ጨረቃ አይተን ረመዳንን እንይዛለን፣ ጨረቃ አይተን ዒድ እናደርጋለን። ባለሥልጣን ተነስቶ «ዒዳችሁ ከ10 ቀን በፊት አልፏል፣ ጁሙዓችሁም ወደ ሌላ ቀን ተዛውሯል» ቢለን ምን ይሰማን ነበር? የሰው እምነት በመጽሐፍ ብቻ አይኖርም። በቤቱ፣ በማዕዱ፣ ከጎረቤቱ ጋር በሚጾመውና በሚፈስከው ቀን ውስጥ ይኖራል።

አልፎ ተርፎም በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተቀበረ የታወቀ መነኩሴ አስከሬን መናፍቅ ነው ተብሎ ተቆፍሮ ወጣ። ይህን ያየ ገበሬ ሞቱንም ፈራ። ዐመፁ ከላስታ እስከ ጎጃም ተቀጣጠለ። ንጉሡ ነገሩ ሲከብድባቸው ወደ ኋላ ላላ አደረጉ። ከፋሲካ በቀር በዓላቱ በቀድሞው ቀን፣ ጾሙም በረቡዕ እንዲሆን ፈቀዱ። ግን ጊዜው አልፎ ነበር።

በሰኔ 1632 አፄ ሱስንዮስ በላስታው መልክአ ክርስቶስ የተመራውን የገበሬ ጦር ድል አደረጉ። የሞተው ሰው 8,000 ያህል እንደነበር ተጽፏል። በማግስቱ መኳንንቱ ንጉሡን ወስደው ሬሳውን አሳዩአቸው። ያሏቸውም ቃል በታሪክ ጸሐፊዎች ተመዝግቧል። ሐሳቡ ይህ ነው፦ የወደቁት ሙስሊሞች ወይም አረመኔዎች ቢሆኑ ደስ ባለን ነበር፤ እነዚህ ግን የገዛ ክርስቲያን ወገኖቻችን ናቸው።

ውድ አድማጮች፣ ይህ ንግግር ንጉሡን አሳዝኖ እልቂቱን አስቁሟል። በዚያው ወር የቀድሞው ሃይማኖት ይመለስ የሚል አዋጅ ወጣ፣ መንግሥቱም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተላለፈ። ነገር ግን በንግግሩ ውስጥ የተደበቀውን እናስተውል። የራስ ወገን ሲሞት ያለቀሰው ዓይን፣ የሌላው ወገን ቢሞት ደስ ይለው ነበር ማለት ነው። በአዋጅ ማመን ስሕተት መሆኑን የተረዱት ግማሹን ብቻ ነበር። ቀሪው ግማሽ መከራ ሆኖ ተመልሶ መጣ።

ተመልሶ የመጣው በመጀመሪያ በካቶሊኮች ላይ ነው። ሜንዴስና ባልደረቦቹ ከአገር ተባረሩ። በነሐሴ 1638 አጋታንጅና ካሲያን የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን መነኮሳት ጎንደር ላይ ተሰቀሉ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1905 ብፁዓን ብላ ሰይማቸዋለች፣ በየዓመቱም እ.ኤ.አ. ነሐሴ 7 ታስባቸዋለች። አፄ ፋሲለደስ ፍራንኮችን ከማራቅ ጋር ለሙስሊሙ ዓለም በር ከፈቱ። በ1642 ለየመን ኢማም ደብዳቤ ላኩ፣ በ1648ም ሐሰን ኢብን አሕመድ አልሐይሚ የተባሉ ዓሊም መልእክተኛ ሆነው ጎንደር ገቡ። አልሐይሚ ንጉሡ ሊሰልሙ ነው የሚል ተስፋ ነበራቸው። ንጉሡ የፈለጉት ግን በበይሉል ወደብ በኩል የንግድ መንገድ ነበር። መልእክተኛውም ይህንን ተረድተው ተመለሱ።

ሁለተኛው ዙር ለእኛም ደረሰ። በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ጎንደር ላይ ጉባኤ ተደርጎ የፍራንክ ልጆች ወይ እምነታቸውን እንዲለውጡ ወይ ከአገር እንዲወጡ ተወሰነ። በዚያው ጉባኤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤል ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ታዘዘ። በጎንደር እስላም ቤት፣ ኋላም አዲስ ዓለም የተባለው ሰፈር ታሪክ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። የፍራንኩንና የሙስሊሙን ዕጣ አንድ ጉባኤ ወሰነው። ሁለት መቶ ዓመት ቆይቶ በ1878 በቦሩ ሜዳ የወሎ ሙስሊሞች ይጠመቁ ተባለ። እነ ሸይኽ ጦልሓ ኢብን ጃዕፈር አሻፈረኝ ብለው ተነሱ። ያም አዋጅ እስልምናን ከወሎ አላጠፋውም።

አሁን ደግሞ ወደ ሰሜን እንመለስ። በ1839 ጁስቲኖ ደ ያቆቢስ የተባለ ጣሊያናዊ የላዛሪስት ቄስ ዐድዋ ገባ። የአገሩ ሰው «አቡነ ያዕቆብ» ይለው ነበር። አገሩን የሚገዙት የሰሜኑ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ነበሩ። ያዕቆብ ወታደር አላስከተለም፣ አዋጅም አላስነገረም። የአገሩን ልብስ ለበሰ፣ አማርኛ፣ ትግርኛና ግዕዝ ተማረ። ደጃዝማች ውቤ በ1841 ከግብፅ ጳጳስ ሊያስመጡ መልእክተኞች ሲልኩ እርሱንም አብሮ እንዲሄድ አደረጉ። የመጡት ጳጳስ አቡነ ሰላማ ግን ዋና ተቃዋሚው ሆኑ። በ1849 ያዕቆብ ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ የተሾመው በክርስቲያን ከተማ አልነበረም፤ ሙስሊሞች በሚኖሩባት በምፅዋ ደሴት ነበር።

በየካቲት 1855 ካሳ ኃይሉ ደጃዝማች ውቤን ደረስጌ ላይ ድል አደረጉ። ዛሬ ጃናሞራ ወረዳ ውስጥ ባለችው፣ ውቤ ባሠሯት በደረስጌ ማርያም፣ አፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። የያዕቆብ ደቀ መዝሙር የነበሩት ጎጃሜው መነኩሴ ገብረ ሚካኤል እምነታቸውን አልለውጥም በማለታቸው ተገርፈው፣ ከሠራዊቱ ጋር በሰንሰለት ሲጎተቱ በዚያው ዓመት ሞቱ። ያዕቆብም በ1860 ወደ ደጋው ሲወጣ በመንገድ ላይ ሞተ። የተቀበረው በዛሬዋ ኤርትራ፣ ሄቦ ነው። በ1975 ሮማ ቅዱስ ብላዋለች።

እኛ ሙስሊሞች ቅዱሳንን ማማለድ በዐቂዳችን ቦታ እንደሌለው እናውቃለን፣ ልጆቻችንንም ተውሒድን እናስተምራለን። ይህን ታሪክ የምንናገረው የእነርሱን በዓል ለማክበር አይደለም፤ ሰው በእምነቱ ላይ ሲገደድ ምን እንደሚሆን ለማየት ነው። ፍሬውን እንመዝን። በንጉሥ ኃይል የመጣው የሜንዴስ ሥራ አሥር ዓመት እንኳ አልቆየም። በትሕትና የመጣው የያዕቆብ ሥራ ግን በዐሊቴና፣ በዐዲግራትና በኤርትራ ደጋ እስከ ዛሬ አለ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ካቶሊኮች ከአገራችን ሕዝብ ከመቶ አንድ አይሞሉም ነበር። ከእነዚሁ ካቶሊኮች ከፊሎቹ ዛሬ ቅዳሴያቸውን በግዕዝ ሥርዓት ያደርሳሉ፤ ገናንና ጥምቀትን የሚያከብሩትም በአገሩ አቆጣጠር ነው። ሜንዴስ በሰይፍ ሊያጠፋው የደከመለትን ነገር ሮማ ራሷ ተቀብላዋለች።

ጌታችን በሱረቱል በቀራህ በሃይማኖት ማስገደድ እንደሌለ አስተምሮናል። ሰሓባዎችን ያስጠጋው ነጃሺም ክርስቲያን ንጉሥ ነበር፤ እምነታችሁን ልቀቁ አላላቸውም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የአንድ አይሁዳዊ አስከሬን ሲያልፍ ተነስተው መቆማቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. በጎንደር ከተማ በቀብር ላይ በነበሩ ወንድሞቻችን ላይ የደረሰውን ጥቃት እናስታውሳለን። የቆሰለ ሰው «በእነርሱም ይድረስ» ማለት ይቀለዋል። የ1632ቱ መኳንንት ያሉት ይህንኑ ነው። እኛ እንዲህ አንል። ልጆቻችን ለራሳቸው ሬሳ ብቻ የሚያለቅሱ እንዳይሆኑ በቤታችን፣ በቡናችን ላይ እናስተምራቸው።

አላህ (ሱ.ወ.) ሐቅን አውቀው ከሚይዙት፣ የጎረቤትንም ሐቅ ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን። ወስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።