የለጋሹ ቃልና የቤተሰቡ ጆሮ

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2 ቀን 1967 በኬፕ ታውን ከተማ ዴኒስ ዳርቫል የተባለች የ25 ዓመት ወጣት ከእናቷ ጋር መንገድ ስትሻገር መኪና ገጫቸው። እናት ወዲያው ሞቱ። የግሩት ሹር ሆስፒታል ሐኪሞች የልጅቷ አንጎል ዳግም እንደማይነቃ ካረጋገጡ በኋላ አባቷን ኤድዋርድ ዳርቫልን ለብቻቸው አነጋገሯቸው። ልቧ ለሌላ ሕመምተኛ እንዲሰጥ ይፈቅዱ እንደሆነ ጠየቋቸው። ሚስታቸውን በዚያው ዕለት ያጡት አባት አራት ደቂቃ ያህል አስበው እሺ አሉ። ያሰቡት ልጃቸው በሕይወት ሳለች ምን ያህል መስጠት እንደምትወድ ነበር። በነጋታው ዶክተር ክርስቲያን ባርናርድ በሰው ልጅ ታሪክ የመጀመሪያውን የልብ ንቅለ ተከላ ከሰው ወደ ሰው አደረጉ፤ ልቡን የተቀበሉት ሉዊስ ዋሽካንስኪም 18 ቀን ኖሩ። ዓለም የሐኪሙን ስም ይዞ ቀረ። እኔ ግን የታሪኩን ክብደት የማየው በእነዚያ አራት ደቂቃዎች ላይ ነው። ዴኒስ ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት ተደርጎ ስለማያውቅ ልትናገርም አትችልም ነበር። አባቷ የልጃቸውን ፈቃድ ከጠባይዋ ተነሥተው መገመት ነበረባቸው። ከዚያ ወዲህ ያለው የአካል ልገሳ ታሪክ በአብዛኛው ቤተሰብን ከዚህ ግምት ለማዳን የተደረገ ጥረት ታሪክ ነው። ከታሪኩ የምረዳውም ይህን ነው፦ ሕግም ሆነ የለጋሽ ካርድ ቤት ውስጥ በአፍ የተነገረን ቃል ተክቶ አያውቅም።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1968 አንድ ወጥ የአካል ስጦታ ሕግ ተረቀቀ፤ በጥቂት ዓመታትም ግዛቶቹ ሁሉ ተቀበሉት። ሕጉ ግልጽ ነበር። አንድ ሰው በሁለት ምስክሮች ፊት ካርድ ላይ ከፈረመ ፈቃዱ ከዘመዶቹ ፈቃድ ይበልጣል። በሆስፒታሎቹ አልጋ አጠገብ የሆነው ግን ሌላ ነው። ሐኪሞች ፊርማው በእጃቸው እያለ ለአሥርተ ዓመታት ቤተሰብን መጠየቃቸውን ቀጠሉ፤ ቤተሰብ እምቢ ሲል ካርዱ ይተዋል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2006 ሕጉ ሲሻሻል የለጋሹን ቃል ሌላ ሰው እንዳይሽረው ማጠንከር አስፈለገ። ካርዱ እንዲተው ያደረገው የሐኪሞች የመከሰስ ፍርሃት ብቻ አይመስለኝም። እያለቀሰች ከቆመች እናት ፊት ወረቀት አውጥቶ «ሕጉ ይፈቅድልናል» ማለት ለማንም ይከብዳል።

ሌሎች አገሮች ደግሞ ዝምታን ራሱን እንደ ፈቃድ ለመቁጠር ሞከሩ። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ1997 ያልተቃወመ ሁሉ ለጋሽ ነው የሚል ሕግ አወጣች። ሕዝቡ በሐኪሞች ላይ ያለው እምነት ሳስቶ ስለነበር ብዙ ሰው መታወቂያው ላይ «ለጋሽ አይደለሁም» ለማስጻፍ ተሰለፈ፤ በተከታዩ ዓመት መንግሥት ወደ ቤተሰብ ፈቃድ ለመመለስ ተገደደ። ስፔንም ተመሳሳይ ሕግ ያላት እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ነው። ይሁን እንጂ ከአሥር ዓመት በኋላም ከአንድ ሚሊዮን ሕዝብ መካከል የሚገኙት ለጋሾች 14 አካባቢ ነበሩ። ቁጥሩ ማደግ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1989 በዶክተር ራፋኤል ማቴሳንስ መሪነት ብሔራዊ የንቅለ ተከላ ድርጅት ተቋቁሞ፣ በየሆስፒታሉ ሐዘንተኛ ቤተሰብን ማነጋገር የተማሩ ሐኪሞች ከተመደቡ በኋላ ነው። በአሥር ዓመት ውስጥ ከ30 አለፈ። ሕጉ ያው ሕግ ነበር፤ የተለወጠው ንግግሩ ነው። ማቴሳንስ ራሳቸው ለውጡ የመጣው ከሕጉ አይደለም ሲሉ ኖረዋል።

በእኛ አገር ታሪኩን ከሕግ መጽሐፍ መጀመር ይቻላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባርናርድ ልብ ከመተካታቸው ሰባት ዓመት ቀድሞ፣ ሰው አካሉን ወይም የአካሉን ክፍል ከሞተ በኋላ ለሚፈጸም ዓላማ ሊሰጥ እንደሚችል አስቦበታል፤ በቁጥር 19ም የሰጠው ሰው በፈለገ ጊዜ ቃሉን እንዲያጥፍ ይፈቅዳል። ይኸው ሕግ በሁለት ምስክር ፊት የሚነገር የቃል ኑዛዜን ያውቃል፤ በዚያ ኑዛዜ ሊታዘዙ ከሚችሉት ጥቂት ነገሮች አንዱ የቀብር ሥርዓት ነው። የቃል ኑዛዜ በአገሩ የቆየ ልማድም ነው። አባት ሲደክም የነፍስ አባትና ሽማግሌ ጠርቶ፣ ዕዳውን፣ አደራውንና የሚቀበርበትን ደብር የሚናገርበት ሥርዓት ከማንኛውም ካርድ ይልቅ ለልገሳ የተመቸ ይመስለኛል። ኑዛዜ ሰሚ አለው፤ የሰማ ሰው ደግሞ በአደራ ይታሰራል።

እንዲህ ያለ የቃል ኑዛዜ ዛሬ የሚያስፈልገው በተለይ ለዓይን ብሌን ነው። የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ እ.ኤ.አ. በ2003 ተመሥርቶ በሕይወት ካሉ ሰዎች ቃል እየተቀበለ፣ ሲሞቱ ብሌናቸውን ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ100 ዓይነ ስውራን የ19ኙ ያህል መነሻ የብሌን ጠባሳ ነበር፤ አብዛኛውን ያመጣው ትራኮማ ነው። ጠባሳው ሁሉ በንቅለ ተከላ አይድንም፤ የሚድነው ግን የሌላ ሰው ብሌን እስኪገኝ ይጠብቃል። ብሌን የደም ሥር ስለሌለው የደም ዓይነት ማዛመድ አያሻውም፤ ሲነሣም የሟቹ ገጽ አይበላሽም። የሚያጣድፈው ሰዓቱ ነው፤ ሰው ከሞተ በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መወሰድ አለበት። የእኛ ቀብር ደግሞ ፈጣን ነው። ለቅሶው ሲነሣ፣ ገናዥ ሲፈለግ፣ እድር ድንኳን ሲተክል፣ ዘመድ በስልክ ሲጠራ ሰዓቱ ይሄዳል። የሟቹ ሻንጣ ተከፍቶ ካርዱ የሚገኘው ግን ሰልስት ካለፈ በኋላ ሊሆን ይችላል። ለባንኩ መደወል የሚችለው ቀድሞ የሰማ ሰው ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ «አካሌ ሳይጎድል ልቀበር፤ በትንሣኤ ቀን ሙሉ ሆኜ ልነሣ» የሚለው ነው። ከእምነት የሚነሣ ስለሆነ መመለስ ያለበትም ከእምነት ነው። ምእመናን በየዓመቱ የሚያከብሯቸው ሰማዕታት እንዴት ሞቱ? የቅዱስ ጊዮርጊስ አካል ተፈጭቶ በደብረ ይድራስ ተራራ ተበተነ፤ ኅዳር 27 የሚታሰበው ያዕቆብ ግሙድ ብልት በብልት ተቆራረጠ። ከዱቄት የሚያስነሣ አምላክ በአንድ ብሌን መጉደል ይቸገራል የሚል አማኝ ያለ አይመስለኝም። በጄዳ የተሰበሰበው የእስልምና የፊቅህ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1988፣ ሟቹ ወይም ወራሾቹ ከፈቀዱ ከሞተ ሰው አካል ወስዶ ለሕያው መትከልን ፈቅዷል። ሌላው ተቃውሞ ተቃራኒውን ይይዛል፦ «አካሉ የእኔ ከሆነ ቤተሰቤን ለምን አስፈቅዳለሁ?» እኔም አስፈቅዱ አልልም። መናገርና ማስፈቀድ ይለያያሉ። የሰማ ቤተሰብ ምስክር ይሆናል፤ ያልሰማ ቤተሰብ በሕይወቱ እጅግ በከፋው ሰዓት ፈራጅ እንዲሆን ይገደዳል። ሲጨነቅ ደግሞ «ይቅር» ማለት ይቀለዋል፤ ይህን ክፋት አልለውም።

ስለ ሞት አስቀድሞ ማውራት ሟርት ነው የሚሉም አሉ። ሆኖም የእድር መዋጮ በየወሩ የሚከፍል ቤት ስለ ሞቱ በየወሩ ያስባል፤ ማንም ሟርት አላለውም። ማንን መንገር እንደሚገባ ከተጠየቅሁ መልሴ ከአንድ ሰው በላይ ነው፦ የትዳር ጓደኛን፣ ቀብር ሲመጣ ነገሩን የሚይዘውን ታላቅ ወንድም ወይም እኅት፣ ቢቻል የእድሩን ዳኛም። ያውም ደጋግሞ መንገር ያሻል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የቃል ኑዛዜ ተናዛዡ ሦስት ወር ከኖረ ፈራሽ ይሆናል ይላል፤ ሰው ሐሳቡን እንደሚለውጥ፣ ሰሚም እንደሚረሳ ሕጉ የገባው ይመስለኛል። ስለዚህ ዓምና የተነገረውን ቃል ዘንድሮም ከለቅሶ ቤት መልስ ቤተሰቡ አንድ ላይ ተቀምጦ ሳለ «የዓይኔን ነገር ታስታውሳላችሁ?» ብሎ ማደስ ይገባል።