ሳንቲሙ እንዳይወድቅ

አያቴ ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ጫፉ ላይ አሥር ሳንቲም ያስቀምጡና «በል ሳብ» ይሉኝ ነበር። ከእጀታው ሥር ላስቲክ አስረውበታል። ሌባ ጣቴን አስገብቼ ቀስ እያልኩ ወደ ኋላ እስባለሁ። ሳንቲሙ ከወደቀ እንደገና ነው። ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር።

ቤታችን የካ ውስጥ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ኮሪያ ሰፈር ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከቃኘው ሻለቃ የኮሪያ ዘማቾች ነው። አያቴም ከክብር ዘበኛ ተመርጠው በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከሄደው ከመጀመሪያው ሻለቃ ነበሩ፤ አዛዡ ሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ። «ቃኘው» የራስ መኮንን የጦር ፈረስ ስም ነው። በባቡር ጅቡቲ ወረዱ፤ ከዚያ በአሜሪካ መርከብ የኮሪያ ወደብ ፑሳን ገቡ።

ከመሄዳቸው በፊት በእጃቸው የነበረው ጠመንጃ አንድ ጥይት በተተኮሰ ቁጥር መቀርቀሪያው በእጅ ተስቦ ተመልሶ የሚገፋ ነበር። ፑሳን ላይ የተሰጣቸው ኤም ዋን ግን ሌላ ነገር ነው። ጆን ጋራንድ የሠራው፣ የአሜሪካ ጦር በ1936 እ.ኤ.አ. የተቀበለው፣ ከ4 ኪሎ በላይ የሚመዝን፣ 8 ጥይት የሚጎርስ። ጥይቱ ሲወጣ የባሩዱ ጋዝ ራሱ መቀርቀሪያውን ይገፋዋል፤ ቀለሁ ይወረወራል፤ ሌላው ጥይት ይገባል። ለተኳሹ የቀረው ሥራ ምላጩ ብቻ ነው። ስምንተኛው ሲያልቅ ጥይቶቹን ያቀፈው ብረት ቅጭል ብሎ ይዘላል፤ አያቴ ያን ድምፅ በጥርሳቸው ያሰሙኝ ነበር።

ምላጭ ስንል ጢም የሚላጭበትንም ጠመንጃ የሚተኮስበትንም ነው። ሁለቱም የሚፈልጉት የረጋ እጅ መሆኑን ያስተዋልኩት ካደግሁ በኋላ ነው።

የኤም ዋን ምላጭ ጉዞው ሁለት ነው። መጀመሪያ ልል ሆኖ ጣትን ተከትሎ ይመጣል፤ ቀጥሎ ደረቅ ነገር ላይ ይደርስና እምቢ ይላል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እምቢ ሲለው ይነጥቀዋል፤ ሲነጥቀው አፈሙዙ ወደ ጎን ይሸሻል። «እምቢ ሲልህ አትጣላው፤ ትንፋሽህን ያዝና ተጫነው፤ መቼ እንደሚተኮስ አንተም አትወቅ» ይሉኝ ነበር አያቴ። ከተኮሱም በኋላ ጣት ቶሎ መላቀቅ የለበትም፤ ምላጩ በልኩ ካልተመለሰ ለሚቀጥለው ጥይት አይዘጋጅም።

በአሜሪካ የተኩስ ውድድር የምላጭን ስበት ማቅለል ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል፤ ባለሙያዎቹ ብረት ከብረት የሚነካካበትን ቦታ እያለሰለሱ ይሠሩታል። ለውድድር የሚቀርብ ኤም ዋን እንኳ ስበቱ ከ4 ተኩል ፓውንድ፣ ማለትም ከ2 ኪሎ ግራም ገደማ፣ እንዲያንስ ደንቡ አይፈቅድም። ግንባር ላይ ያለ ወታደር ግን የተሰጠውን ነው የሚስበው። አያቴ ማታ ማታ ጥይት የሌለበትን ጠመንጃ አነጣጥረው፣ ጓደኛቸው በርሜሉ ላይ ሳንቲም እያኖረ፣ መቶ ጊዜ ሁለት መቶ ጊዜ ይስቡ ነበር። ብረቱ እንደነበረ ነው፤ የተሞረደው ጣታቸው ነው። እኔ ለዚህ ዓይነቱ ጥበብ ያለኝ ክብር ከማንኛውም ፋብሪካ ሥራ ይበልጣል።

ጠመንጃ ለሰፈራችን አዲስ አይደለም። ከእኛ ደጅ ሽቅብ ቢወጣ የእንጦጦ ማርያም ደብር አለ፤ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡበት። ከዚያ ሁለት ዓመት ተኩል ቀደም ብሎ፣ በ1879 ዓ.ም.፣ ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ ከታጁራ ያረጁ ጠመንጃዎች በግመል አስጭኖ እዚሁ እንጦጦ ላይ ለንጉሡ ሸጧል። ሰናድር፣ ውጅግራ፣ ምንሽር፦ የፈረንጅ ጠመንጃ ስም እየገባ አማርኛ ሆኗል። ውጅግራ «ፊውዚ ግራ» ከሚለው ነው የመጣው። በእነዚህ የተዋጋው ትውልድ አንድ ጥይት ይተኩሳል፣ ያጎርሳል፣ እንደገና ያልማል። ፋታ ነበረው። ኤም ዋን ያን ፋታ ወሰደና ሸክሙን ሁሉ በአንዲት ጣት ላይ ጣለው።

በኮሪያ የቃኘው ሻለቃ ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር 32ኛ ሬጅመንት ጋር ተዋጋ። ከ120 በላይ ሰው ወደቀ፤ የተማረከ ግን አንድም የለም። አያቴ ይህን ሲናገሩ ቀና ይሉ ነበር። የጓደኞቻቸውን ስም በጣታቸው ይቆጥሩልኛል፤ የትኛው ጥድ ሥር እንደወደቀ፣ ሌሊቱ እንዴት እንደሚበርድ። የካ ተራራ ላይ በሩጫ የለመዱት ቁልቁለት እዚያ እንደጠቀማቸውም ነግረውኛል።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ክብር ዘበኛና ጦር ሠራዊት እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ ተታኮሱ። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ፣ ከትምህርት ቤት ሰምቼ መጥቼ፣ «አባባ፣ ያን ጊዜ እርስዎ የት ነበሩ?» አልኳቸው። ከዘራው ጭናቸው ላይ ነበር፤ ሳንቲሙም ጫፉ ላይ። እጃቸውን ዘርግተው ሳንቲሙን አነሱና ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ ቀን በኋላ «ሳብ» ብለውኝ አያውቁም።