የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የምርምር ሥራ፦ ድጋፍ ማግኘትና ውጤትን ለሕዝብ ማካፈል

ይህ ማብራሪያ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርታቸውን በመከታተል ላይ ለሚገኙ ተማሪዎች፣ ለወላጆችና ለጥናት መረጃ ለሚሰጡ የኅብረተሰብ ክፍሎች የተዘጋጀ ነው። ዓላማው ተማሪው ለምርምር ሥራው ስለሚጠይቀው ድጋፍ፣ ስላሉት መብቶችና ግዴታዎች እንዲሁም ውጤቱን ስለሚያካፍልበት መንገድ ግንዛቤ ማስጨበጥ ነው።

1. ውጤትን ማካፈል ለምን ያስፈልጋል?

በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 መሠረት ምርምር ከመማር ማስተማርና ከማኅበረሰብ አገልግሎት ጋር የዩኒቨርሲቲዎች ዐቢይ ተግባር ነው። የመመረቂያ ጽሑፍም የዚሁ ተግባር አካል ነው። ጽሑፉ ነጥብ ከተሰጠበት በኋላ በትምህርት ክፍሉ መደርደሪያ ላይ ከቀረ ግን የወጣበት ጊዜና ሀብት ለሌላ ሰው ሳይጠቅም ይባክናል።

ለአብነት በስምጥ ሸለቆ አካባቢ በሚገኙ በርካታ ጉድጓዶች ውኃ ውስጥ ያለው የፍሎራይድ መጠን የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው መመሪያ፣ ማለትም በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም፣ ይበልጣል። መጠኑ ሲበዛና ለረጅም ጊዜ ሲጠጣ ጥርስን ያበልዛል፤ አጥንትንም ይጎዳል። አንድ የኬሚስትሪ ተማሪ የአንድ ቀበሌ ጉድጓዶችን ውኃ ቢለካና ውጤቱ ቢቀመጥ፣ ቀጣዩ ተማሪ ያንኑ ልኬት ከመድገም ይልቅ ከሌላ ወቅት ልኬት ጋር ያነጻጽረዋል፤ የወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤትም ለተጨማሪ ምርመራ መነሻ ያገኛል። ካልተቀመጠ ግን ናሙና ያስቀዳው ነዋሪ ስለሚጠጣው ውኃ ምንም ሳይሰማ ይቀራል።

2. ተማሪው ምን ዓይነት ድጋፍ ይጠይቃል?

የጥናት ድጋፍ የሚጠየቀው በቅድሚያ በትምህርት ክፍሉ በኩል ነው። አፈጻጸሙ እንደየተቋሙ መመሪያ ቢለያይም ተማሪው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት የሚከተሉትን በጽሑፍ መጠየቅ ይኖርበታል፦

ሀ. የአማካሪ መምህር ምደባና የምክር መርሐ ግብር፤
ለ. የቤተ ሙከራ፣ የመሣሪያና የኬሚካል አጠቃቀም ፈቃድ፤
ሐ. መረጃ ለሚሰጡ መሥሪያ ቤቶችና ለቀበሌ አስተዳደሮች የሚጻፍ የትብብር ደብዳቤ፤
መ. ጥናቱ ሰዎችን የሚመለከት ከሆነ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ፤
ሠ. ለናሙናና ለመስክ ሥራ የሚውል በጀት ስለመኖሩ ማረጋገጫ።

የሥነ ምግባር ፈቃድ መረጃ መሰብሰብ ከመጀመሩ በፊት መገኘት አለበት። ከተሰበሰበ በኋላ የሚቀርብ ጥያቄ መረጃውን ከጥቅም ውጪ ሊያደርገው ይችላል።

3. የጽሑፉ ባለቤት ማን ነው?

በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሥራ አመንጪ ጥበቃ የሚያገኘው ሥራውን በማመንጨቱ ነው፤ ጥበቃው እስኪመዘገብ አይጠብቅም። አመንጪው በሥራው ላይ ስሙ እንዲጠቀስ የመጠየቅ መብት አለው። ስለሆነም ከመመረቂያ ጽሑፍ የጆርናል መጣጥፍ ሲዘጋጅ የተማሪው ስም ሊዘለል አይገባም። የተማሪው፣ የቡድን አባላቱና የአማካሪው ስም የሚሰፍርበት ቅደም ተከተል ሥራው ሲጀመር ቢወሰንና በጽሑፍ ቢያዝ አለመግባባትን ያስቀራል።

ሥራው አዲስ መሣሪያ ወይም አሠራር የያዘ ከሆነ ለሕዝብ ከመገለጹ በፊት የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንን ማማከር ይገባል። አስቀድሞ ይፋ የሆነ ፈጠራ የፓተንት ጥበቃ የማግኘት ዕድሉን ሊያጣ ይችላል።

4. ውጤቱ የት ይቀመጣል?

በ2012 ዓ.ም. የጸደቀው ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ በመንግሥት ገንዘብ በተሠሩ ጥናቶች ላይ የተመሠረቱ የመምህራንና የተማሪዎች ጽሑፎችና መረጃዎች ለሕዝብ ክፍት እንዲሆኑ ይደነግጋል። ለዚህም ናድሬ በሚል ምህፃረ ቃል የሚታወቀው ብሔራዊ የአካዳሚክ ዲጂታል ማከማቻ ተቋቁሟል። ተማሪው ጽሑፉ ወደ ዩኒቨርሲቲው ወይም ወደ ብሔራዊው ማከማቻ የሚገባበትን ሁኔታ ከቤተ መጻሕፍት ክፍሉ ይጠይቅ።

ከጽሑፉ ጋር ጥሬ መረጃው፣ ናሙናው የተወሰደበት ቦታና ቀን፣ የመለኪያ መሣሪያው ዓይነትና የአሠራሩ ዘዴ አብረው ይቀመጡ። የተጠበቀውን ያላሳየ ውጤትም ሌላው ተመራማሪ በዚያው መንገድ እንዳይደክም ስለሚያደርግ ጠቃሚ ነው።

በጆርናል ማሳተም ለሚፈልጉ፣ በትምህርት ሚኒስቴር ተገምግመው እውቅና ያገኙ የአገር ውስጥ ጆርናሎች አሉ። ክፍያ ጠይቀው በጥቂት ቀናት ውስጥ እናትማለን ከሚሉና የግምገማ ሥርዓታቸው ከማይታወቅ አሳታሚዎች መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

5. የማይካፈለው ምንድን ነው?

የመረጃ ሰጪዎች ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ የጤና ሁኔታና ማንነታቸውን የሚገልጽ ማንኛውም ዝርዝር ለሕዝብ ክፍት በሚሆን ጽሑፍ ውስጥ መውጣት የለበትም። የግል መረጃ ጥበቃ በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 ተደንግጓል።

የባህል መድኃኒት እውቀትን ወይም የዕፅዋት ናሙናን የሚመለከቱ ጥናቶች ደግሞ ስለ ጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ እውቀት በወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ይታያሉ። ተማሪው መረጃውን ከመሰብሰቡ በፊት ስለ ፈቃዱ በዩኒቨርሲቲው በኩል የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን መጠየቅ ይኖርበታል።

6. መረጃ የሰጡ ዜጎች ምን መጠየቅ ይችላሉ?

ማንኛውም ነዋሪ ለጥናት ሲጠየቅ የተማሪውን መታወቂያና የትብብር ደብዳቤ ማየት፣ የጥናቱን ዓላማ መረዳት፣ ፈቃደኛ ካልሆነ አለመሳተፍ፣ ሥራው ሲጠናቀቅም ውጤቱ በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው መጠየቅ ይችላል። የጤና ስጋትን የሚያመለክት ውጤት ሲገኝ ተማሪው በአማካሪው አማካይነት ልኬቱን ካረጋገጠ በኋላ ጉዳዩ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሊቀርብ ይገባል።

7. ቅሬታ ለማን ይቀርባል?

ምክር በመነፈግ፣ በስም አጠቃቀም ወይም በሥራ መወሰድ ላይ ቅሬታ ያለው ተማሪ በቅድሚያ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ ምላሽ ካላገኘ ለኮሌጁ ዲን፣ በመቀጠልም ለዩኒቨርሲቲው የምርምር ዘርፍ ኃላፊ በጽሑፍ ያመለክታል። የጥናት ዕቅዱን፣ ቀን የተጻፈባቸውን ረቂቆችና የመስክ ማስታወሻዎችን ጠብቆ ማቆየት ለቅሬታው ዋነኛ ማስረጃ ነው።