ባለ ሁለት ሽጉጧና የአርሲዋ ልጅ

እስኪ ጠጋ ጠጋ በሉና የሁለት ሴቶች ወሬ ላውጋችሁ። ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ፣ ከሸማ ሱቆቹ ጀርባ ጌም ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ጠዋት ማታ ኳስ ነው። አንዳንዴ ግን አንዷ ደፋር ጆይስቲኩን ትነጥቅና ሌላ ጨዋታ ትከፍታለች። ጸጉሯን የተጎነጎነች፣ በግራና ቀኝ ጭኗ ሽጉጥ የታጠቀች ሴት ከቋጥኝ ቋጥኝ ትዘላለች። «ኧረ ኳሱን መልሺ!» ይሏታል ወንዶቹ። እሷ እቴ!

ያቺ ባለ ሽጉጥ ሴት ላራ ክሮፍት ናት። የወለዳት ደርቢ፣ እንግሊዝ አገር የነበረው ኮር ዲዛይን የተባለ ጌም ሠሪ ሲሆን ጨዋታዋ «ቶምብ ሬይደር» የወጣው በ1996 እንደ ፈረንጆቹ ነው። ሥራዋ ጥንታዊ መቃብር ገብቶ ቅርስ ማውጣት። መቅደላን ለምናውቅ ሰዎች፣ እንግሊዝ ቅርስ ሲያይ ምን እንደሚያደርግ አዲስ ነገር አይደለም፤ እሱን እንለፈው።

በዚያው በ1996 አርሲ ውስጥ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረሰኞች ጠለፏት። ጎጆ ውስጥ ተቆለፈባት፤ ተደፈረች። በማግስቱ የጠላፊዋን ጠመንጃ ይዛ ሮጠች። ተከተሏት። ለማስፈራራት ተኮሰች፤ አልቆሙም። ጠላፊዋን ጣለችው። ላራ ገደል ብትገባ ጨዋታው እንደገና ይጀመራል፤ ይቺ ግን ነፍስ በማጥፋት ተከሰሰች። እነ መዓዛ አሸናፊ ያቋቋሙት የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆመላትና፣ ራሷን ተከላክላለች ተብላ በነፃ ተለቀቀች። በእኛ አቆጣጠር በ1949ኙ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከክስ ነፃ ይሆን ነበር፤ የ1997ቱ የወንጀል ሕግ ያንን አስቀረ።

ድርና ማጉ የሚገናኘው እዚህ ጋ ነው። በፈረንጆቹ 2001 ላራን ሆና ፊልም የሠራችው አንጀሊና ጆሊ ናት። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ የአርሲዋን ልጅ ታሪክ «ድፍረት» ብሎ በፈረንጆቹ 2014 በፊልም ሲያወጣ፣ በኤግዘኪዩቲቭ ፕሮዲዩሰርነት ስሟን ያዋሰችው ያችው ጆሊ! ፊልሙ ሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የተመልካቾችን ሽልማት ወሰደ። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ላራ ለእኛ የዋለችልን ትልቁ ውለታ ይሄ ነው፤ ያውም አንድ ጥይት ሳትተኩስ።

ታሪኩ ግን አላለቀም። ፊልሙ አዲስ አበባ ሊመረቅ ተመልካቹ ቦታውን ይዞ ሳለ በፍርድ ቤት እግድ ቆመ። ላራን ሲስሏት፣ ሲሸጧትና መልኳን ሲለዋውጡት ፈቃድሽ ነው ወይ ያላት የለም። የአርሲዋ ልጅ ግን አድጋ ነበርና፣ ታሪኬን ያለፈቃዴ ወሰዳችሁ ብላ ከሰሰች።