ሃይድሮጂን በነጭ ዓባይ ዳር፤ ስለ ማምረቱ፣ ስለ ማከማቸቱና ስለ ማደሉ የቀረበ ሐተታ

ኤምባሲዎችና የውጭ አገር ድርጅቶች በሰፈሩበት በጁባው ኮሎሎ፣ ከረዥም የግንብ አጥር በስተኋላ ቀንና ሌሊት የሚያጓራው ጄኔሬተር የሚያቃጥለው ናፍጣ፣ ከሞምባሳ ወደብ ተነሥቶ ኬንያንና ዩጋንዳን አቋርጦ በኒሙሌ ኬላ በኩል በቦቴ የሚገባ መሆኑን፣ ደቡብ ሱዳን ግን ራሷ ድፍድፍ ነዳጅ ከከርሠ ምድሯ እያወጣች በሱዳን በኩል በቧንቧ ወደ ቀይ ባሕር የምትልክ መሆኗን አጣምሮ የሚመለከት ሰው፣ ነዳጅን ከመሬት ማውጣትና ነዳጅን በሚያስፈልግበት ሥፍራና ሰዓት ማግኘት እጅግ የተራራቁ ሁለት ጉዳዮች መሆናቸውን ለመረዳት ብዙ መጻሕፍት ማገላበጥ አያሻውም። በ2024 መጀመሪያ (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን) ያ የነዳጅ ቧንቧ በጦርነት በታመሰችው ሱዳን ውስጥ በተሰበረ ጊዜ ከምሥራቁ የነዳጅ መስክ የሚላከው ዘይት ወደ አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተቋርጦ መቆየቱም የቅርብ ትዝታ ነው። ዕዝራ የተባለው ኩባንያ በ2019 ያቆመው 33 ሜጋዋት የሚያመነጭ ጣቢያ፣ ኋላም የተተከለለት 20 ሜጋዋት የፀሐይ ኃይል ለከተማይቱ ታላቅ እፎይታ ቢሆኑም፣ ጄኔሬተር ግን ከየግቢው አልወጣም።

እንግዲህ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በሚያቃጥልባት፣ አገሬው ባሕር ኤል ጀበል የሚለው ነጭ ዓባይም በአጠገቧ በሚፈስባት ከተማ፣ ውሃውን በፀሐይ ኃይል ከፍሎ ንጹሕ ነዳጅ ስለማውጣት ማሰብ የሚያስነቅፍ ሕልም አይደለም። የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት ከአራቱ ባሕርያት ውሃንና እሳትን ተጻራሪዎች አድርገው ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ በውሃ ውስጥ ግን የሚነድ ነገር ተዋሕዶ መኖሩን የእንግሊዙ ሄንሪ ካቨንዲሽ በ1766 ሃይድሮጂንን ለይቶ ካጠናው ወዲህ፣ ይልቁንም ኒኮልሰንና ካርላይል በ1800 በኤሌክትሪክ ውሃን ለሁለት ከከፈሉት ወዲህ፣ የዕለት ተዕለት ሳይንስ ሆኗል። አከራካሪው ነገር ይቻላል አይቻልም የሚለው ሳይሆን፣ ከማምረት፣ ከማከማቸትና ከማደል ከሦስቱ ሥራዎች ኪሳራውን የሚያመጣው የትኛው ነው የሚለው ነው፤ እኔ እንደማምነውም ማምረቱ ከሦስቱ ቀላሉ ሲሆን፣ በአህጉራችን ለብዙ ዓመታት የቆዩት የሃይድሮጂን ሥራዎች ሁሉ የቆዩት ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሥራ በመሸሻቸው ነው።

ስለ ማምረቱ የሚባለው አጭር ነው። ዛሬ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከሚመረተው ወደ 100 ሚሊዮን ቶን ከሚጠጋው ሃይድሮጂን እጅግ የሚበዛው ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል የሚወጣ ነው፤ በጋዝ በኩል ለአንድ ኪሎ ሃይድሮጂን ከ9 እስከ 10 ኪሎ የሚሆን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ሰማይ ይለቀቃል። ሁለተኛው መንገድ ኤሌክትሮላይዘር በሚባለው መሣሪያ ውሃን መክፈል ነው፤ ለአንድ ኪሎ 9 ኪሎ ንጹሕ ውሃ በጥሬው ይበቃል፤ ኤሌክትሪኩ ግን በተግባር ከ50 እስከ 55 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ ተመልሶ የሚገኘው የቃጠሎ ኃይል ደግሞ 33 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። በጁባ የመጠጥ ውሃ በብዛት በቦቴ እየተመላለሰ የሚሸጥ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ውሃው ሥጋት አይሁን፤ ከወንዝ የተቀዳ ደፍራሽ ውሃ ከጨውና ከደለል ፈጽሞ ካልጠራ መሣሪያውን ያበላሻል እንጂ በመጠኑ በኩል ከሚፈለገው ኤሌክትሪክ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

ይህ ጥበብ ለዓባይ እንግዳ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ወደ አስዋን ይመልከት። በጁባ በኩል የሚያልፈው ውሃ ካርቱም ላይ ከጥቁር ዓባይ ጋር ተቀላቅሎ በሚደርስባት በዚያች ከተማ፣ በ1956 የተመሠረተው ኪማ የተባለው የግብፅ ኬሚካል ኩባንያ ከ1960 ጀምሮ ከግድቡ የሚመነጨውን ኤሌክትሪክ ተቀብሎ ውሃን እየከፈለ፣ ሃይድሮጂኑን ከአየር ከተለየ ናይትሮጂን ጋር አዋሕዶ አሞኒያ፣ ከአሞኒያውም የናይትሬት ማዳበሪያ ለግብፅ ገበሬ ሲያቀርብ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ኖሯል። «አረንጓዴ ሃይድሮጂን» የሚለው ስም ባልተፈጠረበት ዘመን፣ ማንም ዐዋጅ ሳይነግርለት፣ በዓለም ካሉት ታላላቅ የውሃ መክፈያ ፋብሪካዎች አንዱ በዓባይ ዳር ይሠራ ነበር ማለት ነው። በዛሬዪቱ ዚምባብዌ በክዌክዌ ከተማ አጠገብ ያለው ሴብል ኬሚካልም ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ከካሪባ ግድብ በሚመገበው የአገሩ መስመር እየታገዘ ይህንኑ ሲያደርግ ቆይቷል።

የሁለቱም ፍጻሜ ከአጀማመራቸው ይልቅ ያስተምራል። የኪማ አሮጌው ፋብሪካ በ2020 ገደማ በተፈጥሮ ጋዝ በሚሠራ አዲስ ፋብሪካ ተተካ፤ የክዌክዌው የውሃ መክፈያ ክፍል በ2015 ተዘግቶ ድርጅቱ አሞኒያውን ከደቡብ አፍሪካ በባቡር እያስመጣ መሥራት ጀመረ። ከሁለቱ አንዱም በፍንዳታ ወይም በመሣሪያ ብልሽት አልቆመም፤ ያስቆማቸው ኤሌክትሪኩ ሌላ ፈላጊ ማግኘቱ፣ ዋጋውም መወደዱ ነው። ግድብ ሲገነባ ሰሞን ከፍላጎት የተረፈ ኃይል ይኖራል፤ ከተማ ሲያድግ፣ ፋብሪካ ሲበዛ ያ ትርፍ ይጠፋል፤ ሃይድሮጂንም በትርፍ ኤሌክትሪክ የሚኖር ስለሆነ ትርፉ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል።

ሦስተኛው ምሳሌ ከሁለቱ የተለየ፣ ሊታመን የሚያስቸግርም ነው። በማሊ ከባማኮ በስተሰሜን ባለችው ቡራኬቡጉ በምትባል መንደር በ1987 ውሃ ፍለጋ ጉድጓድ ሲቆፈር ከውስጡ ነፋስ ይወጣ ጀመር፤ ከሠራተኞቹ አንዱ ሲጃራውን እንደያዘ ወደ ጉድጓዱ አፍ ቀረብ ቢል ነፋሱ ተቀጣጥሎ አቃጠለው፤ ጉድጓዱም በፍርሃት ተደፈነ። ከሃያ ዓመታት በላይ ቆይቶ ሲከፈትና ሲመረመር ከመቶ 98 እጁ ሃይድሮጂን ሆኖ ተገኘ፤ ከ2012 ጀምሮም አንድ ሞተር እያንቀሳቀሰ ለመንደሪቱ ብርሃን ሰጠ። እዚህ ማምረቱ የተፈጥሮ ሥራ ነበር፤ ሰዎቹም ጋዙን በጠርሙስ ልሙላ፣ ወደ ከተማ ልጫን አላሉም፤ ሞተሩን አምጥተው ከጉድጓዱ አጠገብ አቆሙ። አስዋንም ክዌክዌም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ሃይድሮጂኑ በተወለደበት ግቢ ውስጥ ይበላ ነበር።

ከግቢው ለማውጣት የተፈለገ እንደሆነስ? ሃይድሮጂን ከፍጥረታት ሁሉ ቀላሉ ነው፤ በተራ የአየር ግፊት አንድ ኪሎው ከ11 ሜትር ኩብ የሚበልጥ ሥፍራ ይፈጃል። የብየዳ ሠራተኞች ኦክሲጂን የሚሞሉበትን ዓይነት 50 ሊትር የሚይዝ የብረት ሲሊንደር በ200 ባር ግፊት ብንሞላው፣ ወደ 60 ኪሎ የሚጠጋው ብረት በሆዱ የሚሸከመው ከአንድ ኪሎ ያነሰ ሃይድሮጂን ነው፤ ይህም በአንድ ታናሽ ጀሪካን ካለ ናፍጣ ጋር በኃይል አይተካከልም። በ700 ባር የሚጠብቁት የካርቦን ክር የተጠመጠመባቸው ታንኮች በሜትር ኩብ 40 ኪሎ ያህል ይይዛሉ፤ ዋጋቸው ግን የክብደታቸውን ያህል ቀላል አይደለም። አቀዝቅዞ ማፍሰስም ይቻላል፤ ጄምስ ዴዋር በ1898 አድርጎታል፤ ቅዝቃዜው ግን ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ መድረስ አለበት፤ ለዚህም ጋዙ ከተሸከመው ኃይል ሲሶ የሚያህለው ይወጣል፤ በጁባ ሙቀት የተኛውም ፈሳሽ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየተነነ ይሄዳል። በዚህ ላይ ሃይድሮጂን እጅግ ረቂቅ በመሆኑ ወደ አንዳንድ ብረቶች ሰርጎ ያሰባብራቸዋል፤ ለናፍጣ ወይም ለማብሰያ ጋዝ የተሠራ ቧንቧና ቫልቭ ሳይመረመር ለዚህ አይውልም።

ማደሉ ደግሞ ከማከማቸቱ ይብሳል። ማደያ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ቱቦውን ሰክቶ መሙላትን ነው፤ ሃይድሮጂን ግን ከብዙዎቹ ጋዞች በተቃራኒ በተራ ሙቀት ከከፍተኛ ግፊት ወደ ዝቅተኛ ሲለቀቅ ይሞቃል እንጂ አይቀዘቅዝም፤ ወደ መኪናው ታንክ እየገባ ሲታመቅም ሙቀቱ ይጨምራል። የታንኩ ሙቀት ከ85 ዲግሪ እንዳያልፍ፣ አምስት ኪሎ ያህል በጥቂት ደቂቃ ለመሙላት፣ ጋዙ ከማደያው ሲወጣ ከዜሮ በታች ወደ 40 ዲግሪ እንዲቀዘቅዝ ይደረጋል። በጥላ ሥር 40 ዲግሪ በሚሞቅበት አገር ይህ የ80 ዲግሪ ልዩነት ነው፤ ያንን ማቀዝቀዣ የሚያንቀሳቅሰው ኤሌክትሪክ ከወዴት ይመጣል ቢባል፣ መልሱ ወደዚያው ወደ ናፍጣ ጄኔሬተር እንዳይመልሰን እፈራለሁ። ጋዙን ወደ ኤሌክትሪክ ለሚለውጠው ለፉዌል ሴል የሚቀርበው ሃይድሮጂን ንጽሕናም ከመቶ 99.97 መድረስ አለበት፤ ሽታ የሌለው ጋዝ ስለሆነም እንደ ማብሰያ ጋዝ ማስጠንቀቂያ ሽታ እንጨምርበት ቢባል ሽታ ሰጪው ፉዌል ሴሉን ይመርዛል። ከአየር ጋር ከመቶ 4 እስከ 75 በተቀላቀለ ጊዜ ሁሉ ይነዳል፤ ለማቀጣጠልም ከሱፍ ልብስ የሚወጣ ብልጭታ ይበቃዋል፤ ነበልባሉም በቀን ብርሃን አይታይም። ይህ ሁሉ ቢሆንም፣ 36 ሰዎች የሞቱበትን የ1937ቱን የሂንደንበርግ አየር መርከብ አደጋ እያነሡ ጋዙን እንደ ጋኔን የሚያስፈሩ ጸሐፍት ሁሉ ያበዛሉ ባይ ነኝ፤ ክፍት በሆነ ሥፍራ ሃይድሮጂን ከቤንዚን ትነት ይልቅ ፈጥኖ ወደ ላይ ይበተናል፤ አደገኛው ጣሪያ የተዘጋበት ክፍል ነው። ዴንማርካዊው ፖል ላ ኩር በአስኮቭ ትምህርት ቤት በ1890ዎቹ በነፋስ ወፍጮ ያመረተውን ሃይድሮጂን አከማችቶ ክፍሎቹን ያበራ ነበር፤ የመስኮት መስተዋትም አልፎ አልፎ አስከፍሎታል።

ነገሩን በኮሎሎ ልክ እንመዝነው። በአማካይ 10 ኪሎዋት የሚፈጅ አንድ መካከለኛ ግቢ በ24 ሰዓት 240 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል እንበል፤ ለዚህ የሚቃጠለው ናፍጣ ከ70 ሊትር በላይ ነው። ይህን ሁሉ በሃይድሮጂን ማሳለፍ ቢያሻን፣ ግማሹን ኃይል ብቻ ወደ ኤሌክትሪክ በሚመልሰው ፉዌል ሴል በኩል ወደ 14 ኪሎ ተኩል ጋዝ፣ ለዚያም 130 ኪሎ ያህል ውሃና 750 ኪሎዋት ሰዓት የሚሆን የፀሐይ ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል። ሦስት ሰጥቶ አንድ መቀበል ማለት ነው። የፀሐዩን ኃይል ሲፈልጉት በቀጥታ፣ ሲመሽ ደግሞ በባትሪ በኩል ቢጠቀሙበት ከመቶ 85 ወይም ከዚያ በላይ ይመለሳል፤ ስለዚህ ለአንድ ሌሊት ብርሃንና ለማቀዝቀዣ ሲባል ሃይድሮጂንን መምረጥ፣ ሰነዱ ምንም ያማረ ቢሆን፣ የገንዘብ ብክነት ነው። ለጋሾች በሚወዱት ወረቀት ላይ ተጽፎ የሚመጣ የሙከራ ማደያ ቢኖር በመጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ይህ ሂሳብ ነው።

ታዲያ ሃይድሮጂን በዚህ አካባቢ ቦታ የለውም ማለት ነውን? አይደለም፤ ቦታው ማዳበሪያ ነው። በአሞኒያ ውስጥ ከመቶ 17.8 የሚሆነው ክብደት ሃይድሮጂን ሲሆን፣ አሞኒያው ራሱ በመጠነኛ ግፊት ወይም ከዜሮ በታች በ33 ዲግሪ ስለሚፈስ ማከማቸቱ የታወቀ የቆየ ሥራ ነው። አንድ ቶን አሞኒያ ውሃን በመክፈል ለማምረት ወደ 10 ሜጋዋት ሰዓት ይሄዳል፤ 100 ሜጋዋት ሳያቋርጥ ቢገኝ በቀን 240 ቶን ያህል ይወጣል። የኢትዮጵያ ገበሬ በየክረምቱ መዳረሻ በጂቡቲ በኩል የሚመጣውን ዩሪያ በናፍቆት ሲጠብቅ የኖረ ነው። በ2025 የተመረቀው፣ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ዓመታቱ፣ ልክ እንደ አስዋን፣ ገና ተጠቃሚ ያልደረሰለት ኃይል ይኖረዋል። ከዚሁ ትርፍ ኃይል ጥቂት የማይባለው ለቢትኮይን ኮምፒውተሮች መሸጡን ስናይ፣ የውጭ ምንዛሪ ማስገባቱን ባንክድም፣ ማሳ ላይ ሊበተን የሚችል ኃይል በሙቀት መልክ በአየር ላይ መበተኑ ቅር ያሰኛል። የኢትዮጵያ መንግሥት ከዳንጎቴ ኩባንያ ጋር በጎዴ በ2025 የመሠረት ድንጋይ የጣለለት የዩሪያ ፋብሪካም የሚመካው በኦጋዴን የተፈጥሮ ጋዝ ነው። ይህ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዩሪያ ከአሞኒያ ሌላ ካርቦን ይፈልጋል፤ ጋዙ ሁለቱንም ይሰጣል፤ ውሃ ግን ሃይድሮጂን እንጂ ካርቦን የለውም። ከውሃ በወጣ ሃይድሮጂን የሚቀናው ኪማ ይሠራው የነበረው የናይትሬት ማዳበሪያ ሲሆን፣ አሞኒየም ናይትሬትም በ2020 የቤይሩትን ወደብ ያፈራረሰው 2,750 ቶን ክምችት እንደመሰከረው፣ በጥንቃቄ ካልተያዘ ፈንጂ ነው። ሰላሟ ገና ባልጸናው ደቡብ ሱዳን እንዲህ ያለውን ክምችት ማን ይጠብቀዋል የሚለው ከኬሚስትሪው የሚቀል ጥያቄ አይደለም።

ከጁባ በስተደቡብ እስከ ኒሙሌ ድረስ ወንዙ በድንጋይ መካከል እየተወረወረ በሚወርድባቸው በፉላ፣ በሹኮሊ፣ በላኪና በበደን ፏፏቴዎች ላይ ግድብ ስለመሥራት ጥናት ሲደረግ ብዙ ዓመታት አልፈዋል፤ እስከ አሁን አንዱም አልተሠራም። ከእነዚህ አንዱ ቢሠራ የመጀመሪያው ኤሌክትሪክ ለጁባ ቤቶችና ለውሃ ማጣሪያዎች ሊውል ይገባዋል፤ የሃይድሮጂን ነገር የሚነሣው ሌሊት ከተማው ተኝቶ ተርባይኑ ሲዞር ለሚተርፈው ነው። ያን ጊዜም የመጀመሪያው ሰነድ የኤሌክትሮላይዘር ግዢ ሳይሆን፣ ኤሌክትሪኩ ለስንት ዓመት በስንት ዋጋ እንደሚሸጥ የሚወስን ውል መሆን አለበት፤ ኪማንም ክዌክዌንም ያስቆማቸው በዚህ በኩል የመጣ ችግር ነውና። ፋብሪካው ከፏፏቴው አጠገብ ይሁን፤ በኒሙሌ መንገድ ላይም በቦቴ የሚጫነው ሃይድሮጂን ሳይሆን ከእርሱ የተሠራው ማዳበሪያ ይሁን።