ትንባሆ፣ እርጅናና የዓይን ሞራ

«ጄፒ» በምንለው የጆሃንስበርግ መንደራችን ብርድ ልብስና መጋረጃ የምንሸጥበት «ሜዲካል አርትስ» ሕንፃ፣ ስሙ እንደሚመሰክረው፣ ቀድሞ የሐኪሞች መሥሪያ ነበር። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሐኪሞቹ ሲለቁ የእኛ ሰዎች ገቡበት (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያኔ በሃያና በሠላሳ ዓመታቸው የመጡት ዛሬ ሃምሳን ተሻግረዋል። የመኪና መብራት ሲመጣባቸው ዓይናቸው የሚጭበረበር፣ የጨርቁ ቀለም የደበዘዘባቸው ጥቂት አይደሉም። «ዕድሜ ነው» ይላሉ። ዕድሜ ብቻ ነውን?

አባቶቻችን ሕመሙን «ሞራ» ሲሉት የበግ ሆድ ዕቃን የሚሸፍነው ስስ ስብ ትዝ ሳይላቸው አልቀረም። ስሙ ግን ያሳስታል፤ በዓይን ላይ የበቀለ ነገር ስለሚያስመስለው ብዙዎች በጠብታ ይታጠባል ብለው ያምናሉ። የሚደፈርሰው ከብሌኑ በስተጀርባ ያለው ሌንስ ራሱ ነው። ሌንሱ ዕድሜ ልካችንን አይታደስም። በውስጡ ያለው ፕሮቲን ከዘመን ብዛት፣ እንቁላል ሲቀቀል ነጩ እንደሚጠጥር ሁሉ፣ እየተቋጠረ ብርሃን ይከለክላል። በአገራችን በ2005 እና 2006 በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከ100 ሰው 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር ሲሆን፣ ከእነዚህ ግማሹን ያሳወረው ይኸው ሞራ ነበር።

ትንባሆን በተመለከተ የአገራችን ታሪክ አስገራሚ ነው። አፄ ዮሐንስ አራተኛ (1872–1889) የሚያጨስ ሰው ከንፈሩ፣ ሱረት የሚስብ አፍንጫው እንዲቆረጥ እንዳዘዙ በዘመኑ የነበሩ ተጓዦች ጽፈዋል። ንጉሡ የተቆጡት ለሃይማኖት እንጂ ለዓይን ብለው አልነበረም፤ ቅጣቱንም ማንም አይናፍቀውም። ከጣልያን ወረራ በኋላ በ1942 ደግሞ መንግሥት ራሱ የትንባሆ ሞኖፖል አቋቁሞ ሻጭ ሆነ። ያም ሆኖ ሕዝባችን ብዙ አላጨሰም፤ በ2016 በተደረገ ጥናት ትንባሆ ተጠቃሚ የነበሩት ከ100 ጎልማሶች 5 ብቻ ነበሩ። በደቡብ አፍሪካ በ2021 በተደረገው ተመሳሳይ ጥናት ግን ቁጥሩ 29 ደርሷል። እኛ ከዚያኛው አገር ወጥተን ወደዚህኛው የገባን ነን። በሎኬሽን ሱቅ ከፍቶ ከማለዳ እስከ ሌሊት በፍርግርግ ኋላ የሚቆም ልጅ፣ በነጠላ የሚሸጠውን ሲጋራ ራሱም ሲለኩስ ይውላል።

ጭሱ ዓይንን እንደሚጎዳ በማስረጃ የተረጋገጠው በቅርቡ ነው። በ1989 በአሜሪካ የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዓሣ አስጋሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት የሌንሱ መሐል መደፍረስ ከማጨስ ጋር እንደሚያያዝ አሳየ። በ1992 የወጣው የአሜሪካ ሐኪሞች ጥናት ደግሞ በቀን 20 እና ከዚያ በላይ ሲጋራ የሚያጨሱት ከማያጨሱት ይልቅ እጥፍ ያህል በሞራ እንደሚጠቁ ገለጸ። በ2004 የአሜሪካ መንግሥት ዋና ሐኪም ሪፖርት ማጨስ ለዚህ ዓይነቱ ሞራ መንስኤ መሆኑን በይፋ አጸደቀ። የጭሱ መርዝ በደም ተጉዞ ሌንሱን ከጉዳት የሚከላከሉትን ንጥረ ነገሮች ያሟጥጣል፤ ስለዚህ በሰባ ዓመት የሚመጣው በስድሳ ሊመጣ ይችላል። ሲጋራ ያቆመ ሰው አደጋው በዓመታት ውስጥ እየቀነሰለት ይሄዳል፤ ሆኖም ብዙ ያጨሰ ሰው ከሃያ ዓመት በኋላም ቢሆን ፈጽሞ ካላጨሰው ጋር ላይስተካከል ይችላል።

የደፈረሰውን ሌንስ የሚያጠራ መድኃኒት የለም፤ መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው። በ1747 ፈረንሳዊው ዣክ ዳቪዬል የደፈረሰውን ሌንስ ከዓይን አወጣ፤ ታካሚው ግን ከዚያ ወዲያ ያለ ወፍራም መነጽር አያይም ነበር። በ1949 ለንደን ውስጥ ሃሮልድ ሪድሊ ሰው ሠራሽ ሌንስ በቦታው ተከለ። መነሻው በጦርነቱ ጊዜ የአውሮፕላናቸው መስኮት ተሰባብሮ ዓይናቸው ውስጥ የቀረ አብራሪዎች ነበሩ፤ ስብርባሪው ፕላስቲክ ዓይናቸውን አላስቆጣውም።

ዛሬ ይህ ሕክምና በሶዌቶ፣ በባራግዋናት ግቢ ባለው በቅዱስ ዮሐንስ የዓይን ሆስፒታል ይሰጣል። በመንግሥት ሆስፒታል ወረፋው ረጅም ስለሆነ ቀደም ብሎ መመዝገብ ይበጃል። በየቡናው «ሞራው እስኪበስል ጠብቅ» የሚል ምክር አሁንም ይሰማል። ምክሩ ከድሮው ቀዶ ሕክምና የቀረ ነው፤ ዛሬ ሥራን ወይም መንገድ መሻገርን ማወክ ከጀመረ ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባል፤ ሲጠጥር ለማውጣቱም ይከብዳልና።