የጎድዚላ መመለስ (የ1984 ፊልም)

«የጎድዚላ መመለስ» ቶሆ የተባለው የጃፓን ፊልም ኩባንያ ሠርቶ ታኅሣሥ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 15 ቀን 1984) ለእይታ ያበቃው የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም ነው። በጃፓን ርእሱ ልክ እንደ መጀመሪያው ፊልም «ጎጂራ» ብቻ ነበር። ከጎድዚላ ተከታታይ ፊልሞች 16ኛው ሲሆን፣ ለዘጠኝ ዓመት ተቋርጦ የቆየውን ተከታታይ እንደገና አስጀምሯል። ዳይሬክተሩ ኮጂ ሃሺሞቶ፣ ፕሮዲዩሰሩ ቶሞዩኪ ታናካ፣ የስፔሻል ኢፌክት ኃላፊው ቴሩዮሺ ናካኖ ነበሩ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዳራ

የመጀመሪያው ፊልም በኖቬምበር 1954 ወጣ፤ ዳይሬክተሩ ኢሺሮ ሆንዳ ነበር። በዚያው ዓመት ማርች ወር አሜሪካ በቢኪኒ ያፈነዳችው የሃይድሮጂን ቦምብ መርዛማ አመድ 23 ሰዎች በያዘች የጃፓን ዓሣ አጥማጅ መርከብ ላይ ወርዶ ነበር፤ ከመርከበኞቹ አንዱ ከጥቂት ወራት በኋላ ሞተ። በፊልሙ ጎድዚላን ከባሕር ያስነሣው ይኸው የቦምብ ሙከራ ነው። ሂሮሺማና ናጋሳኪ ከተመቱ ገና ዘጠኝ ዓመት ስለነበር፣ ተመልካቹ የፈራረሰችውን ቶክዮ ሲያይ የሚያውቀውን ነገር ነበር የሚያየው።

እየቆየ ግን ጭራቁ የልጆች ወዳጅና የምድር ጠባቂ ሆነ። በ1971 በወጣው ፊልም፣ ከአፉ በሚተፋው ጨረር ተገፍቶ ወደ ኋላ ሲበር ይታያል። የ1975ቱ ፊልም ከአንድ ሚሊዮን ያነሰ ትኬት ሸጦ ተከታታዩ ቆመ።

የታናካ መፍትሔ በመካከል የተሠሩትን 14 ፊልሞች እንዳልነበሩ ቆጥሮ አዲሱን ፊልም የ1954ቱ ቀጥተኛ ተከታይ ማድረግ ነበር። ይህ አካሄድ ብዙ ጊዜ ከኮምፒውተር በተወሰደው ቃል «ሪቡት» ይባላል። አጥፍቶ ከማስነሣት ይልቅ ግን ቀድሞ ወደተቀመጠ ደህና ቅጂ መመለስን ይመስላል፤ የመጀመሪያው ታሪክ አልተሰረዘምና። የጎድዚላ ቁመትም ከ50 ወደ 80 ሜትር አደገ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ በሺንጁኩ ሠፈር ከ200 ሜትር በላይ የሆኑ ፎቆች ተሠርተው ነበር።

ታሪኩ

አንድ የጃፓን ዓሣ አጥማጅ መርከብ ይጠቃል፤ ቀጥሎ የሶቪየት ሰርጓጅ መርከብ ይወድማል። ሞስኮ አሜሪካን ስለጠረጠረች ሁለቱ ኃያላን ለጦርነት ይፋጠጣሉ። ነገሩን በምስጢር ይዞ የቆየው የጃፓን መንግሥት የጎድዚላን መምጣት ይፋ ለማድረግ ይገደዳል። በዚህ ጊዜ ሁለቱም ኃያላን በጃፓን ምድር ላይ የኒውክሌር መሣሪያ እንዲተኩሱ ፈቃድ ይጠይቃሉ።

የፊልሙ ምርጥ ክፍል ጭራቅ የሌለበት ይህ የስብሰባ ትዕይንት ነው። ኬይጁ ኮባያሺ የሚጫወተው ጠቅላይ ሚኒስትር ሚታሙራ፣ ጃፓን የኒውክሌር መሣሪያ አትሠራም፣ አትይዝም፣ ወደ አገሯም አታስገባም የሚለውን መርህ ይዞ እምቢ ይላል። ለሁለቱ መሪዎችም ጎድዚላ የመጣው በዋና ከተሞቻቸው ቢሆን ኖሮ ይተኩሱ እንደሆነ ጥያቄ ያቀርባል።

ጎድዚላ ሱፐር ኤክስ በተባለ በራሪ መሣሪያ ካድሚየም ተተኩሶበት ራሱን ስቶ ይወድቃል። ይሁንና አንድ የሶቪየት ኒውክሌር ሚሳይል በብልሽት ይተኮሳል፤ የሶቪየቱ መኮንን ሊያስቆመው ሲታገል ይሞታል። አሜሪካኖች ሚሳይሉን በሰማይ ላይ ቢያከሽፉትም፣ ፍንዳታው ያስነሣው መብረቅ ጎድዚላን መልሶ ያነቃዋል። በመጨረሻ ሳይንቲስቶች የወፍ ጩኸት በሚመስል ድምፅ ስበው ወደ ሚሃራ እሳተ ገሞራ ይጥሉታል። ጠቅላይ ሚኒስትሩም ሲወድቅ እያየ ዕንባ ይተናነቀዋል።

የአሜሪካው ቅጂ

ኒው ወርልድ ፒክቸርስ ፊልሙን ቆርጦ «ጎድዚላ 1985» በሚል ርእስ አወጣው። በ1956ቱ የአሜሪካ ቅጂ ጋዜጠኛ ሆኖ የተጫወተው ሬይመንድ በርም በአዲስ ትዕይንቶች ተመልሶ ገባ። ትልቁ ለውጥ ግን ሌላ ነው፦ በዚህ ቅጂ የሶቪየቱ መኮንን ሚሳይሉን ሆን ብሎ ይተኩሳል። በጃፓኑ ፊልም ማንም ያልፈለገው አደጋ፣ እዚህ የአንድ ወገን ክፋት ሆነ። ጥቂት ሰከንዶችን በመቀየር ሁለቱን ኃያላን እኩል የሚጠይቅ ፊልም ለአንዱ የሚያደላ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ በኋላ

የዚህ ፊልም ተከታይ «ጎድዚላ ከቢዮላንቴ ጋር» በ1989 ወጣ፤ ታሪኩም እስከ 1995 ቀጠለ። ከ1999 እስከ 2004 ከወጡት ፊልሞች አብዛኞቹም በተመሳሳይ መንገድ ወደ 1954ቱ ታሪክ ተመልሰዋል። «ሺን ጎድዚላ» (2016) እና «ጎድዚላ ማይነስ ዋን» (2023) ደግሞ የመጀመሪያውን ፊልም እንኳ ትተው ከዜሮ ጀመሩ። ሁለተኛው በ2024 በኢፌክት ሥራው የኦስካር ሽልማት አግኝቷል።